ፌስታል የዋጠው ባህር

ብርብራ አይደለም አልኩ! ስንቴ ልማልላችሁ? አንተ እዚያ ጥግ ቁጭ ብለህ ጥርስህን የምትፍቀው፣ አዎ አንተ፣ «እሱ ካልነካው ምን ገደለው?» የምትለው፣ ያን ቀን የት ነበርክ? የአክስትህ ልጅ ሰርግ ላይ አጥንት ስትግጥ ነበርክ። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። እግሬ ውሃው ውስጥ፣ አፍንጫዬ ግማቱ ውስጥ። ስለዚህ መጀመሪያ ስማ፤ ካላመንክ በኋላ ትሰድበኛለህ፤ ስድብ እንደሆነ አይሻግትም።

ብርብራን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዛፍ ነው። ፍሬውን ትወቅጠዋለህ፣ ዱቄቱን ውሃ ላይ ትነሰንሰዋለህ፣ አሳው ይሰክራል። ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ አንተ ዳር ዳሩን እየሄድክ እንደ እንጉዳይ ትለቅመዋለህ። የኛ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። እኔ ግን አላደርገውም። ጽድቅ ፈልጌ እንዳይመስልህ፤ ጉራዬ አይፈቅድልኝም። የሰከረ አሳ መልቀም የተኛ ሰው ኪስ መግባት ነው። እኔ በመንጠቆ ነው የምይዝ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ድረስ አምባዛን እንደኔ አታሎ የሚያወጣ ሰው ካለ ይምጣና እጁን ልሳመው። አልመጣም እስካሁን።

ትምህርት? አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ተጣላን። እስከ ዛሬ አልታረቅንም፤ እሷም ሽማግሌ አልላከችም። ግን ጋሪ ነበረኝ። ፈረሴ ከኔ የበለጠ የተማረ ነበር፤ መንገዱን ያውቃል፣ እኔ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እዘፍናለሁ። መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ከተማ ዝቅ ብሎ ላህ ወንዝ ዳር ነው። ጊዜው ባጃጅ ገና ሦስት አራት ብቻ የነበረበት፣ ስልክ የገዛ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ እንደ አዛን የሚጮህበት ጊዜ ነው።

ከመንደራችን በታች ወንዙ ገደል ይጠጋና ይጠልቃል። ያንን ነው እኛ ባህር የምንለው። እናንተ ባህር ስትሉ መርከብ ያለበትን ትላላችሁ። እኛ ጋ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ወርውረህ ብታሻግርበትም ሥሩ ካልታየህ ባህር ነው። ጥር በመጣ ቁጥር ታቦታችን የሚወርደውም እዚያው ነው፤ ስለዚህ ጥምቀተ ባህር ነው። በታችኛው ጫፉ ሁለት ቋጥኞች ተጠጋግተው ውሃው በመካከላቸው እየተጋፋ ይወጣል። «የባህሩ ጉሮሮ» እንለዋለን። ያ ጉሮሮ ክረምት ከበጋ ያጉረመርማል። ልጅ ሆነን እሱን ሰምተን ነው የተኛነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። አያችሁ፣ አልደብቅም!

ገበያ በዋለ ማግስት የከተማውን ጥራጊ የምጭን እኔ ነበርኩ። ከሱቁ፣ ከምግብ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ። ድሮ ጥራጊ ማለት ቅጠልና አመድ ነበር፤ ፍየል ግማሹን ትጨርሰዋለች። እኔ የደረስኩበት ጥራጊ ግን ፌስታል ነው። ጥቁር ፌስታል፣ ነጭ ፌስታል፣ ፌስታል ውስጥ ያለ ፌስታል። ነጋዴዎቹ ሲጭኑልኝ «ራቅ አድርገህ ድፋው» ይሉኛል። ራቅ የት ነው? ማንም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ፤ የወንዙ አፋፍ ላይ ጋሪውን አዙሬ አንዴ ገፋ! ከዚያ «ወንዝ ይውሰደው» እላለሁ።

ይቺን ቃል ያመጣኋት እኔ አይደለሁም። እኛ አገር የማይፈለግ ነገር ሁሉ ወንዝ ይወስደዋል። የበሽተኛ እጣቢ ወንዝ ይወስደዋል። እናቴ ክፉ ሕልም ያየች ጠዋት ለሰው ሳትናገር ወንዝ ትወርድና ለውሃው ነግራው ትመለሳለች፤ «ይዞት ሄደ» ትላለች፣ ቀለል ብሏት። ታዲያ ክፉ ሕልም የወሰደ ወንዝ ፌስታል ያቅተዋል? እንዲያ ነበር ሂሳቡ። ክረምት ላይማ ይወስደዋል፣ አይቼዋለሁ። በጋ ላይ ግን ወንዙ ራሱን መጎተት አቅቶት በድንጋይ መሃል ሲንፏቀቅ፣ የኔን ጋሪ ሙሉ የት ይወስደዋል? ይህን አላሰብኩም። አራተኛ ክፍል ላይ አላስተማሩንም።

በዚያው ሰሞን ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ትልቅ አምባዛ ስለያዝኩበት ቀን እተርካለሁ። በየትረካው አሳው በክንድ ያድጋል። ባለሞተሩ ጎረቤታችን (በውሃ ሞተር ከባህሩ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማው ነው) «አንተ ልጅ፣ ይህ አሳ ትናንት በግ ያክል ነበር፤ ዛሬ በሬ አከለ። ነገ ታርሰበታለህ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ብግን አልኩና ጠረጴዛውን መታሁ፦

«ያ ባህር የኔ ጓዳ ነው! ብፈልግ በአንድ ቀን ባዶ አደርገዋለሁ!»

እንዲህ ብያለሁ። አልክድም። አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የተወለደው።

ከዚያ ባህሩ ዝም አለ።

ገና ሊደርስ አካባቢ ነው። አንድ ጠዋት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን እናቴ ድንገት ሥራዋን ተወችና ጆሮዋን ሰጠች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ጉሮሮው አይሰማም» አለች።

እውነትም አይሰማም። ማጉረምረሙ የለም። ሞተር የጠፋበት መኪና ውስጥ እንደተቀመጥክ ያለ ዝምታ ነው። «በጋ ነው፤ ውሃው ቀንሶ ነው» አልኳት። እሷ ግን በስንት በጋ ሰምታዋለች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ላሟን ውሃ ልታጠጣ ወርዳ ተመለሰች።

«ላሚቱ አሽትታ እንቢ አለች።»

«ላምሽ ኩራት ይዟት ነው። አምቦ ውሃ አምጡልኝ ብላ ይሆናል።»

አልሳቀችም። እኔም ዳር ወርጄ አየሁ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ላዩ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ሾርባ ቅባት ተጋግሯል። አሳ የሚጠብቁት ወፎች ሁልጊዜ የሚያርፉበት ደረቅ ግንድ ባዶውን ቆሟል። ማለዳ ማለዳ ቋጥኙ ላይ አሳዋን ስትቀረጥፍ የማገኛት አቆስጣ ነበረች፤ ያቺ የውሃ አውሬ፣ በአሳ ማጥመድ ከኔ ቀጥላ ሁለተኛ የምትወጣው። እሷም የለችም። ከቋጥኙ ላይ ያረጀ የአሳ አጥንት ብቻ አገኘሁ። ግን እኔ መች እፈራለሁ! እያፏጨሁ ተመለስኩ። ፉጨቴ ራሱ ደስ አላለኝም።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን አሳው መንሳፈፍ ጀመረ። መጀመሪያ ትንንሹ። በማግስቱ ቀረሶው። ቀጥሎ አምባዛው። አምባዛ እኮ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚከርም፣ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ የማይሞት ፍጥረት ነው። እሱ ከሞተ ማን ይተርፋል? ሽታው መንደር ገባ። ጥምቀት ደግሞ ሳምንት ነው የቀረው።

አሳ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚመጣለት፤ ብርብራ። ብርብራ ከተባለ ደግሞ «ባዶ አደርገዋለሁ» ያለው ማን ነበር? ለፋፊው በየደጁ ዞረ፤ «አውጫጭኝ ተብሏል! ወንድ የተባለ ሁሉ ዋርካው ሥር ይምጣ! የቀረ እንዳደረገው ይቆጠራል!»

አውጫጭኝ ማለት ጥፋት የሠራው ሰው ሲጠፋ አገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪወጣ አለመበተን ነው። በዳኛው ፊት ሁሉም ይምላል። የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ለብቻው ሄዶ ያንሾካሹካል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። የኔታ፣ የቅኔ መምህራችን፣ ደግሞ ቀድመው አሳውቀዋል። የጥምቀቱን ባህር ያረከሰ ሰው ከተገኘ ይገዘታል። ግዝት ቀልድ አይደለም። እሳት የሚጭርልህ የለም፣ ውሃ የሚቀዳልህ የለም፣ ስትሞት ሣጥንህን የሚይዝ የለም።

እኔ ለራሴ «ክብሪት እገዛለሁ» ብዬ ቀለድኩ። እናቴ ግን ሻሿን አስራ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንተስ ወጣት ነህ፣ አገር ትለውጣለህ» አለች። «እኔ ባንተ ቤት ነው ያለሁ። አንተ ከተገዘትክ የማኅበሬ ጽዋ ይህን ደጅ አይረግጥም። እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ልጓሙን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ።

ፈረሴን ጭኜ ከተማ ወጣሁ። አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ባህረኛው እንለዋለን። በደርግ ጊዜ ምፅዋ ላይ የጦር መርከብ ላይ ያገለገለ ነው። መንግሥት ሲለወጥ አንድ ሻንጣ ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ገባ፤ ባህር የሌለበት ባህረኛ። ስለ ውሃ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከኔ በቀር።

ነገሩን ነገርኩት። ጎማ እያጣበቀ አዳመጠኝና ቀና ሳይል «ሆዳቸውን አየህ?» አለኝ።

«የማንን ሆድ?»

«የአሳውን። የሞተ ነገር ምን እንደገደለው ሆዱ ይናገራል።» ከዚያ ማጣበቂያውን አስቀምጦ፦ «እኛ መርከብ ላይ እያለን ወጥ ቤቱ ጥራጊውን ከኋላ ይደፋል። ባህሩ ሰፊ ነው ብለን። አንድ ቀን ጋሻ የሚያክል የባህር ኤሊ ሞቶ ሲንሳፈፍ አገኘን። አለቃችን ቅደዱት አለ። ሆዱ ውስጥ ፌስታል ነው። ጠቅልለህ ጠቅልለህ የጎሰጎስከው ይመስል ነበር። ያ ኤሊ የሚበላው ነገር አለ፤ አጥንት የሌለው፣ ውሃ ላይ ነጭ ሆኖ የሚንሳፈፍ ፍጥረት። ፌስታል ሲያይ ምሳው መሰለው። ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ሞተ።»

ከተማ ውስጥ ጥራጊ ስጭን ያየኛል፤ ቀና አለ።

«አንተ ከአፋፉ ላይ የምትደፋው የት ይገባል?»

«ላህ።»

«ላህስ?»

«ብር ወንዝ።»

«ብርስ?»

«ዓባይ።»

«ዓባይ ሱዳንን ግብፅን አልፎ ባህር ነው የሚገባ። እውነተኛው ባህር። የኛ ኤሊዎች ዘመድ አዝማድ እዚያም አሉ።»

እኔ ቡሬን አልፌ ሄጄ አላውቅም። ፌስታሌ ያለ ፓስፖርት ግብፅን አቋርጦ ባህር ገባ! ልስቅ ፈልጌ ነበር። ባህረኛው ግን «ኤሊው ዓይኑን ገልጦ ነበር የሞተው» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

በነጋታው ዋርካው ሥር አገር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በክብ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው አጥር ጥግ። ሽታው ከታች ነፋስ እየጠበቀ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ዳኛው የተመረጡት ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣

«ወፏ ተናግራለች» አሉ። «"በአንድ ቀን ባዶ አደርገዋለሁ" ያለውን ጠይቁት ብላለች።»

አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። ወፏ ሪዝ ነበራት፤ ሽንኩርት ሽንኩርትም ትሸታለች። ባለሞተሩን አፍጥጬ አየሁት፤ እሱ ሰማይ ያያል።

«አባቶቼ፣ ያንን ያለው አፌ ነው። እጄ ግን አልነካም። ብርብራ ነስንሼ ከሆነ ይህ ዋርካ ላዬ ላይ ይውደቅ» አልኩ።

«ዋርካው ምን አደረገ፤ አንተ ማል እንጂ!» አለ ባለሞተሩ።

ማልኩ። በታቦቱ ማልኩ። ከዚያም «አሳ ይምጣና ሆዱ ይቀደድ። እኔ አልመርጥም፣ እናንተ ምረጡ» አልኩ።

ሁለት ሰዎች ወርደው ዘጠኝ አሳ በእንቅብ አመጡ። ቢላዋውን ከዳኛው እጅ ተቀብዬ ከትልቁ አምባዛ ጀመርኩ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ቢላዋው እንደገባ አየሩ ፍስስ ብሎ ወጣ፤ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እጄን አስገብቼ ሳብኩ። ጥቁር ነገር መጣ። ሳብኩ፤ አሁንም መጣ። ተስቦ የማያልቅ ነው፤ ምትሃተኛ ከአፉ ክር የሚስብ ይመስል። ፌስታል ነው። ከሱ ጋር የተጠቀለለ የከረሜላ ላስቲክ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛ ልባስ ቁራጭ። ሁለተኛውን ቀደድኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው አስመለሰው። ከዘጠኙ ሰባቱ ሆድ ውስጥ ነበረ።

ባለሞተሩ ግን አልተኛም። «ፌስታሉን ይብላው፤ የገደለው ግን ብርብራ ነው!» አለ።

ዳኛው ሳል ሳል አሉ። «ብርብራ አይደለም። ብርብራ የጠጣ አሳ ሁሉም በአንድ ጠዋት ነው የሚንሳፈፍ። ይሄ በየቀኑ በየተራ ነው የሞተ።»

«አንቱ ደግሞ ይህን በምን አወቁት?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «እሳቸው በጉብዝናቸው የላህን አሳ አስክረው ጨረሱት ይባላል!» አሉና ያ ሁሉ ሰው ሽታውን ረስቶ ሳቀ። ዳኛውም «ንስሐ ገብቼበታለሁ» ብለው ነገሩን ዘጉ። እኔ ከብርብራው ነፃ ወጣሁ። እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እኔ እንዴት ያለ ጀግና ነበርኩ!

የኔታ ግን ቀስ ብለው ተነሱ። ከአምባዛው ሆድ የወጣውን በዱላቸው ጫፍ እያነሱ፣ «ፌስታል የዋጠው ባህር» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስል። ቅኔ ያለበት ሰው በቀጥታ መናገር መቼም አይችልም! ፌስታል ባህሩን ዋጠው ነው ወይስ ባህሩ ፌስታል ዋጠ? ሰው ሁሉ ሰምና ወርቁን ሲፈልግ እሳቸው ወደ ዳኛው ዞሩ። «አውጫጭኙ አላለቀም። ይህን የጣለ ማን ነው? "አልጣልኩም፣ አላስጣልኩም" ብሎ ሁሉም ይማል።»

ከባለሞተሩ ተጀመረ። ተነሳ። አፉን ከፈተ። ሽንኩርቱን ለገበያ የሚቋጥርበት ፌስታል ትዝ አለው መሰል፣ አፉን ዘጋና ተቀመጠ። ቀጣዩ ተነሳ። እሱም ቆሞ ቆሞ ተቀመጠ። ሦስተኛው ጭራሹኑ አልተነሳም። በዚያ ክብ ውስጥ ለመማል የደፈረ አንድ ሰው ጠፋ። ዳኛው ራሳቸው ትንባሆአቸውን በምን እንደሚቋጥሩ አገር ያውቃል። ሲቆይ ግን ሰው መተንፈስ ጀመረ። «እህ፣ ሁላችንም ነና» አለ አንዱ። «ሁላችንም ከሆንን ማን ይገዘታል?» አለ ሌላው። አንዳንዱ አቧራውን እያራገፈ መነሳት ጀመረ። ሁሉም ጣለ ማለት ማንም አልጣለም ማለት ነው፤ እንዲህ ተብሎ ሊበተን ነው።

እኔም ልነሳ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከአምባዛው ሆድ ከወጣው ላይ አንዱ ነጭ ፌስታል ቀይ ጽሕፈት እንዳለበት አየሁ። የዳቦ ቤቱ ነው። ከመንደራችን ከዚያ ዳቦ ቤት ዳቦ የሚገዛ የለም። የዚያን ዳቦ ቤት ጥራጊ የሚጭን አንድ ጋሪ ብቻ ነው። ያልተቀደደውን እየመረጥኩ ለእናቴ አመጣላት ነበር፤ በሱ ነው በርበሬ የምትቋጥረው። ቀና ስል እናቴ ወደ ነጩ ፌስታል ታያለች። ከዚያ ወደኔ። አፏን ከፍታ ቢሆን ኖሮ እዋሻት ነበር፤ ውሸት አውቅበታለሁ። ዝምታዋን ግን ምን ልበለው?

«የናንተ የናንተ ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፣ እንደ ጉራዬ ቀን። «እናንተ አንድ አንድ ፌስታል ነው የጣላችሁ። እኔ ጋሪ ሙሉ ነው! ገበያ በዋለ ማግስት ሁሉ፣ ከአፋፉ ላይ፣ ሦስት ዓመት! በዚህ አገር እኔን የሚያክል አልጣለም!»

የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ። እናቴ ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች።

የኔታ በዱላቸው ወደኔ ጠቆሙ። «አንተ ያስገባኸውን አንተ ታወጣለህ» አሉ። «ከጥምቀት በፊት። ያወጣኸውን ደግሞ አንተው ትይዛለህ። አንዷ እንኳ ወደ ውሃው የተመለሰች ቀን ግን ግዝቱ ያኔ ይድረስብህ።»

አምስት ቀን ቀርቶኛል። ጉሮሮውን ከፈትኩ መጀመሪያ። ፌስታሉ ከቅጠልና ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ግንብ ሆኗል፤ በዶማ ነው የፈነቀልኩት። ሲከፈት ውሃው አቃሰተ እንጂ አላጉረመረመም። ከዚያ ወደ ጥልቁ ገባሁ። አስተውሉ፣ ባህሩን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ የምል ሰው ነኝ፤ እግሬ ግን መሬት አልነካም። የሚነካው ፌስታል ነው። አንሸራታች፣ እንደ ቆዳ ለስላሳ፣ ስትረግጠው የሚተነፍስ። አንዱን ሽፋን አወጣለሁ፤ ከሥሩ ሌላ አለ። ከሥሩ ሌላ። የላይኛው የኔ ነው፤ የታችኛው ግን ከኔ ጋሪ በፊት የነበረ ነው፤ ጠቁሮ፣ ሳስቶ፣ ግን አልበሰበሰም። እንጨት ይበሰብሳል፣ ሥጋ ይበሰብሳል፣ እኔም እበሰብሳለሁ። እሱ እንደተቀመጠ ነው። በሦስተኛው ቀን አቆስጣዋን አገኘኋት። ጭንቅላቷ የማዳበሪያ ልባስ ውስጥ ገብቶ፣ አንገቷ ላይ ተጠምዝዞ። ለማንም አልነገርኩም። ብቻዬን ቀበርኳት።

ሁሉንም አወጣሁት። የት ላድርሰው? ከተማ ወሰድኩት፤ «ያወጣኸው አንተ፣ ምን አገባን» አሉኝ። ላቃጥለው አልኩ፤ ጭሱ መንደሩን አሳለውና አስተዉኝ። መስክ ላይ ልቅበረው አልኩ፤ «ከብታችን ቆፍሮ ይብላው?» ተባልኩ። አያችሁ፣ በምድር ላይ አንድ ስንዝር ቦታ አልተገኘለትም! ወንዝ ይውሰደው ያልነው ለካ የሚወስደው ስለሌለ ነበር። መጨረሻ ከቤታችን ኋላ ከመርኩት። ጎጆአችንን አከለ። እናቴ ወደዚያ ያለውን መስኮት ዘጋችው።

ታቦቱ ወረደ። ካህናቱ ግን የሚባረከውን ውሃ ከላይ ከምንጩ በጄሪካን አስቀዱት። በየዓመቱ ከጸሎቱ በኋላ ጎረምሳ ሁሉ ባህሩ ውስጥ ይዘላል። ያን ዓመት አንድም ሰው አልዘለለም። ከበሮው ሲመታ ሰው ሁሉ ከዳር አንድ እርምጃ ሸሽቶ ነበር የቆመው።

ከዚያ ክረምቱን መፍራት ጀመርኩ። እኔ! አፈር አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት፣ በእሾህ አጠርኩት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርኩ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወጥቼ አያለሁ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ የመጣ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከመንደሩ ጩኸት ተሰማ። ወንዙ መልቷል። ጥቁሩም ነጩም ፌስታል ውሃውን ሸፍኖ ይወርዳል፤ መንጋ ይመስላል፣ ጠባቂ የሌለው መንጋ። ሰው ዳር ዳር ቆሞ «ክምሩ ተናደ! ግዝቱ ደረሰ!» ይላል። እናቴ ምሰሶውን ያዘች።

የኔታ፣ ዳኛው፣ ባለሞተሩ፣ ግማሽ አገር በዝናብ ወደ ጓሮዬ ገባ። ክምሩ እንዳለ ነው። ባለሞተሩ ዙሪያውን ዞሮ እሾሁን አነሳ፣ አፈሩን በእንጨት ወጋ። አንድ የተነቃነቀ ድንጋይ አጣ።

«የሱ አይደለም» አለ። ከሱ አፍ ነው የወጣው።

«እና የማን ነው?» አሉ ዳኛው።

ሰው ሁሉ ተመልሶ ወደ ወንዙ ወረደ። ዝናቡ እየደበደበን ቆምን። የኔታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይራገሙ ይጸልዩ አልሰማሁም። ለማን ነው አውጫጭኝ የሚጠራው? ለፍኖተ ሰላም? ከሷ በላይ ላሉት? ያ ሁሉ ከተማ የትኛው ዋርካ ሥር ይበቃል? የማኅበሩ ጽዋ በሳምንቱ ደጃችን መጣ፤ እናቴ ተቀበለችው። እኔ በዚያ ዓመት ከባህሩ ያወጣሁት አሳ አንድ ነው። ሆዱን ሳልቀድ መለስኩት። ማየት አልፈለግኩም።

አሁንም ትጠራጠራለህ? ሂድ! ውረድ ላህ ዳር። ባለሞተሩን ጠይቀው፤ አይወደኝም፣ ስለዚህ አይዋሽልኝም። ዳኛው ቢያልፉም ልጆቻቸው አሉ። እዚያ ዝናብ ላይ ከቆመው ከግማሽ አገር ያገኘኸውን አንዱን ያዝና ጠይቅ፤ ውሃው እስኪመሽ ድረስ ምን ይዞ እንዳለፈ፣ አንድ ሰው እንኳ «ይህ የኔ ነው» ብሎ እንደሆነ። ጠይቅ!